ፈረስ ለሜዳ፣ በሬ ለዳገት

ትልቅ የቤተሰብ መኪና ሊገዙ የወጡ ባልና ሚስት ብዙ ነገር ይጠይቃሉ። ስንት ሰው ይይዛል? በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? የስንት ዓመተ ምህረት ምርት ነው? ነገ ልሽጠው ቢሉ ዋጋውን ይይዛል? ሻጩም ኮፈኑን ከፈት አድርጎ «ይሄ እኮ ሦስት መቶ ፈረስ ነው» ሲላቸው በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆቹ፣ እናትዎና የሁሉም ሻንጣ ከተጫነ በኋላ ይህ መኪና ዓባይ በረሃን እንዴት ይወጣል? ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዴት ይወርዳል?

ብሮሸር ላይ በትልቁ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ለዚህ ጥያቄ ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው ብዙ ገዢ ልብ በማይላቸው ሌሎች ቁጥሮች ውስጥ ነው። እነሱም ቶርክ፣ የጭነት ልክና የመጎተት አቅም ናቸው። ይህ ሁሉ በእኛ ደጋ አየር ሲለካ መልኩ ይለወጣል። ቁጥሮቹን ለመረዳት መካኒክ መሆን አያስፈልግዎትም። የሚሊዮኖች ብር ውሳኔ ከመወሰንዎ በፊት፣ ወይም ያለዎትን መኪና ይዘው ለበዓል አገር ቤት ከመውረድዎ በፊት፣ እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሁለት ዓይነት ጉልበት

የፈረስ ጉልበት የሚባለውን መለኪያ ያስተዋወቀው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ሲፈልግ ደንበኞቹ በደንብ ከሚያውቁት ነገር ጋር፣ ማለትም ከፈረስ ጋር፣ ማወዳደር ነበረበት። ዛሬ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ነው። የሚነግረንም አንድ ሞተር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሥራ መሥራት እንደሚችል ነው።

ቶርክ ሌላ ነው። ሞተሩ ዘንጉን የሚጠመዝዝበት ኃይል ሲሆን የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ልዩነቱን ለመረዳት ገበሬውን ማሰብ ይበቃል። ፈረስ ይጋልባል፣ በሬ ይስባል። ጥማድ በሬ ቀስ እያለ የደረቀ መሬት ይገለብጣል፤ አይቸኩልም፣ አያቃስትም። ሜዳ ላይ በፈጣን መንገድ ለመጓዝ የፈረሱ ቁጥር ይጠቅማል። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት መካከል ከቆሙበት ለመነሳት ግን የሚፈለገው በሬው ነው።

ሁለቱ ጨርሶ የተለያዩ አይደሉም። ቶርኩን በሞተሩ ዙር አባዝተው ለ7,000 ቢያካፍሉ በዚያ ዙር ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት በግምት ያገኛሉ። ስለዚህ «ስንት ፈረስ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ «በስንት ዙር?» ማለትም ያስፈልጋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቶዮታ ላንድክሩዘር 300 ባለ 3.3 ሊትር ናፍጣ ሞተር 700 ኒውተን ሜትር ቶርክ አለው። ይህን ሙሉ ኃይል የሚሰጠው ገና በ1,600 ዙር ጀምሮ እስከ 2,600 ዙር ድረስ ነው። ስሌቱን ብንሠራው በ1,600 ዙር ብቻ፣ ሞተሩ ድምፁን ሳያሰማ፣ 160 የፈረስ ጉልበት ያህል በእጁ አለ ማለት ነው። ቀደም ያለው የኒሳን ፓትሮል ባለ 5.6 ሊትር ቤንዚን ቪ8 ሞተር በበኩሉ 400 የፈረስ ጉልበት አለው። ከላንድክሩዘሩ 309 ይበልጣል። ነገር ግን ከፍተኛ ቶርኩ 560 ኒውተን ሜትር ሲሆን የሚገኘውም በ4,000 ዙር ነው። በሜዳ ሩጫ ፓትሮሉ ያሸንፍ ይሆናል። ጭነት ይዞ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ግን የናፍጣው ሞተር ሥራውን የሚጨርሰው በእርጋታ ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን ከማዕረግ ጋር ተያይዞ ስሙ የገነነውን «ቪ ኤይት» ማንሳት ተገቢ ነው። ቪ8 ማለት ስምንት ሲሊንደር ማለት እንጂ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጉልበት ማለት አይደለም። የቀድሞው ላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር ናፍጣ ቪ8 ቶርኩ 650 ኒውተን ሜትር ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የተተካው በስድስት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ቶርኩ ግን ወደ 700 አደገ። ኒሳንም በ2024 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው አዲሱ ፓትሮል ቪ8ቱን ትቶ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 አድርጎታል፤ የእሱም ቶርክ ከ560 ወደ 700 ከፍ ብሏል። በፓትሮሉ ላይ ሲሊንደር ቀንሶ ጉልበት የጨመረው ቱርቦው ነው። ቱርቦ ደግሞ ለእኛ አገር ከሌላው ሁሉ በላይ የሚጠቅምበት ምክንያት አለው።

ደጋው የሚወስደው ሩብ

ሞተር የሚበላው ነዳጅ ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። ነዳጁ እንዲቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል እንደሚያጣ ይገመታል።

ወደ ገንዘብ ሲመነዘር እንዲህ ነው። ባለ 4 ሊትር ቪ6 ቤንዚን ሞተር ያላቸው ትልልቅ መኪኖች በከተማችን ብዙ ናቸው። ብሮሸሩ 270 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይላል። ይህ ቁጥር የተሰላው ለባሕር ወለል አየር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ የሚቀረው 205 ያህል ነው። እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ወደ 190 ይወርዳል። የከፈሉት ለ270 ነው፤ የሚነዱት ግን ሁለት መቶ የማትሞላውን ነው። ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ሲወርዱ መኪናው «ቀለለኝ» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሁለቱም ከተሞች 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ሞተሩ እዚያ ሲደርስ የተሻለ ይተነፍሳል።

ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የሳሳውን አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ ደጋው ከሚወስድበት አብዛኛውን መልሶ ያካክሳል። ጨርሶ አይነካውም ማለት አይደለም። በተለይ ከቆመበት ሲነሳ ቱርቦው እስኪነቃ ትንሽ ይዘገያል። ቢሆንም ሙሉ ጭነት ይዞ በደጋ መንገድ ለሚጓዝ ቤተሰብ ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ነው።

ዓባይ በረሃ በቁጥር

አሁን የተማርነውን ወደ መንገድ እናውጣው። ከጎሃ ጽዮን ተነስተው ወደ ደጀን ሲሻገሩ መጀመሪያ ከ1,200 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ካለፉ በኋላ ያንኑ ያህል መልሰው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ወገን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መኪናዎ ከነሰውና ከነዕቃው 3,200 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለመውጣት በአማካይ የሚያስፈልገው ስንት ይመስልዎታል? 60 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ነው። ሦስት መቶው ፈረስ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ነው ዳገቱ የሚወጣው ማለት ነው። ከፊትዎ የሚያቃስት ከባድ መኪና ለማለፍ ሲፈልጉ ወይም ኩርባው ላይ መንገዱ ሲቆም ቁጥሩ በእጥፍ ይጨምራል። ያም ቢሆን ከአቅም በላይ አይሆንም።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? እነዚያ 60 እና 120 ፈረሶች የሚመጡበት ዙር ላይ ነው። ዝቅተኛ ቶርክ ያለው ሞተር ይህን ጉልበት ለማውጣት 4,000 እና 5,000 ዙር መድረስ አለበት። ካምቢዮው ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ይመላለሳል። ሞተሩ ይጮኻል፣ የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆችም ማጥወልወል ይጀምራቸዋል። ቶርክ ያለው ሞተር ግን አንድ ማርሽ ይዞ ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሻጩን የሚጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፤ «ከፍተኛው ቶርክ ስንት ነው? የሚጀምረውስ በስንት ዙር ነው?» ከ2,000 ዙር በታች የሚጀምር ከሆነ ለእኛ መንገድ የተመቸ ነው።

ተሳቢ ባይኖርዎትም የሚጠቅምዎት ቁጥር

ከትልልቅ መኪኖች መግለጫ ላይ «የመጎተት አቅም» የሚል መስመር አለ። እኛ አገር ተሳቢ ሲባል የሚታወሰን የጭነት መኪና ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን መስመር ዘልሎት ያልፋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ቤተሰቡ ጀልባውን ወይም የአሸዋ ላይ ሞተሩን በመኪናው ጎትቶ ይወጣል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም ከግዛት ወደ ግዛት ቤት ሲለውጡ ተሳቢ ተከራይተው ዕቃቸውን ይጎትታሉ። መኪኖቹ ሲሠሩ ይህ ሁሉ ታስቦ ነው።

ቁጥሩ ተሳቢ ለሌለው ሰውም የሚጠቅመው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ራዲያተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ሻንሲውንና ፍሬኑን በአንድነት ስለሚመዝን ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቾች የሚጠቀሙበትን የመጎተት ፈተና ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። በዚህ ፈተና መሠረት መኪናው የሚችለውን ያህል ተሳቢ ይዞ በአሪዞና ግዛት የሚገኘውን የዴቪስ ግድብ ዳገት መውጣት አለበት። ዳገቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲረዝም 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ አየር ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው የተከፈተ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ያልወረደ መሆን አለበት። መኪናው ከዚህም ሌላ 12 በመቶ ተዳፋት ላይ ከቆመበት በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲነሳ ይጠየቃል። ይህን መለኪያ ከሌሎቹ ቀድሞ የተቀበለው ቶዮታ ነው።

አሁን ያን ዳገት ከዓባይ በረሃ ጋር ያስተያዩት። የእኛው ይረዝማል፣ ይበልጥ ይቆማል። ከሁሉም በላይ የአሪዞናው ዳገት የሚያበቃው 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የዓባይ ዳገት የሚጀምረው ከዚያው ከፍታ አካባቢ ነው። እነሱ ፈተናውን ከጨረሱበት እኛ እንጀምራለን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የአውሮፓ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚጓዝ ሰው መኪናውና ተሳቢው በአንድነት የሚመዝኑት ክብደት በየ1,000 ሜትሩ በአሥር በመቶ እንዲቀነስ ይመክራሉ።

በእርግጥ የሚጎትቱ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ላንድክሩዘር 300 እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ይችላል ሲባል ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው ብቻ ነው። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በብዙ አገር ከ750 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ የተሳቢው ክብደት አሥር በመቶ ያህሉ በመጎተቻው በኩል መኪናው ላይ ያርፋል። 3,500 ኪሎ ሲጎትቱ 350 ኪሎ ኋላ ላይ ተጭኗል ማለት ነው። ተሳቢው ውስጥ ከባዱን ዕቃ ከጀርባ በኩል ካደረጉት ደግሞ ተሳቢው በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል። ከባዱ ዕቃ ሁልጊዜ ወደ መኪናው በኩል ይሁን።

ጤፉና በጉ ሲመዘኑ

ወደ ጭነት እንምጣ። ትልቅ መኪና ስለሆነ የማይችለው የለም ብለን ማሰብ ይቀናናል። ለምሳሌ ላንድክሩዘር 300 ለአውስትራሊያ ገበያ ሲቀርብ ከነሙሉ ጭነቱ ሊመዝን የሚፈቀድለት 3,280 ኪሎ ነው። ባዶውን 2,600 ኪሎ ያህል የሚመዝን ደረጃ ከሆነ ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው 680 ኪሎ ብቻ ነው።

አሁን ከገና በዓል የሚመለስ ቤተሰብ እናስብ። ሰባት ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን 455 ኪሎ ነው። ሻንጣው በጠቅላላ 100 ኪሎ። አያት «ባዶ እጃችሁን አትሄዱም» ብለው አንድ ኩንታል ጤፍ አስጫኑ፤ ሌላ 100። 655 ኪሎ ደረስን። አንድ 30 ኪሎ በግ ሲጨመር ልኩ አለፈ። ቅቤውንና ማሩን ገና አልቆጠርንም። ይህ ሁሉ የሆነው ከትልልቆቹ መኪኖች በአንዱ ነው። አነስ ባሉት ባለ ሰባት መቀመጫ መኪኖች ላይ ልኩ ከዚህ በታች ሊሆን ይችላል።

ጭነቱ የት እንደሚቀመጥም ዋጋ አለው። በብዙዎቹ መኪኖች ፖርቶ መጋላው ላይ የሚፈቀደው ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ብቻውን ልኩን ይሞላዋል። ከዚያ በላይ ሲጫን መኪናው ከላይ ይከብድና ኩርባ ላይ የመንጋለል አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ጤፉ ከታች፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ተደግፎና በገመድ ታስሮ ይቀመጥ፤ ከላይ የሚወጣው ቀላሉ ፍራሽና ሻንጣ ይሁን። በሾፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ትንሽ ወረቀት አለ፤ መኪናው ሲሞላ ጎማው ስንት አየር እንደሚፈልግ ይናገራል። ከመነሳትዎ በፊት ነዳጅ ማደያው ጋ ወይም ጎሚስታ ቤት ቆም ብለው ያስለኩ።

የወጣ ሁሉ ይወርዳል

ስለ ጉልበት ብዙ ተወራ። ቤተሰብዎን አደጋ ላይ የሚጥለው ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ያነሰው መኪና ቢበዛ ይዘገያል ወይም ይሞቃል። ቁልቁለት ላይ ያልተያዘ መኪና ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

ያው 3,200 ኪሎ መኪና 1,200 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ100 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። የተወሰነውን አየሩና ጎማው ይወስዱታል። ቀሪውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ በፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ ሙቀት ይሆናል። እግርዎን ፍሬን ላይ አሳርፈው 20 ኪሎ ሜትር ከወረዱ ሸራው ግሎ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው ግን ሲያረጅ ይህ ልክ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጡ ያህል ይሰምጣል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ነገር መነሻው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ቁልቁለቱን ሊወጡት በሚችሉበት ማርሽ ይውረዱት። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ በ«ዲ» ብቻ አይልቀቁት። ማርሹን በእጅ ወደሚመርጡበት ቦታ ወስደው ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ ሁለተኛ ይቀንሱና ሞተሩ መኪናውን ይያዘው። ዙሩ ወደ 3,000 ቢወጣ አይደንግጡ፤ ሞተሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠንከር አድርገው ይርገጡ፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሱ፣ ከዚያ እግርዎን ጨርሰው ያንሱ። በዚያ መካከል ፍሬኑ ይተነፍሳል። የማርሽ ቅነሳው የሚደረገው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መኪናው ከፈጠነ በኋላ አይደለም። ማርሽ ወደ ባዶ አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መውረድማ ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

የሚያቃጥል ሽታ ከሸተተዎት ወይም ፔዳሉ ከላላብዎት ሰፊ ቦታ ፈልገው ወዲያው ይቁሙ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። በጋለው ዲስክ ላይ ውሃ አይድፉ፣ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህ ምክር ለዓባይ በረሃ ብቻ አይደለም። በደሴ መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ተነስተው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ቁልቁለቱ ከዓባይም ይበልጣል።

ኤሌክትሪኩስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ፊቱን ወደ ባለ ሰባት መቀመጫ የኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ከጉልበት አንጻር ዜናው መልካም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላምና እንጦጦ ላይም ሆነ አፋር ላይ ጉልበቱ ያው ነው። ሙሉ ቶርኩም ከቆመበት ጀምሮ አለ። በሬነቱ ከናፍጣም ይበልጣል።

ችግሩ ጉልበቱ ሳይሆን ስንቁ ነው። ወደ 2,800 ኪሎ የሚመዝን የተጫነ የኤሌክትሪክ መኪና 1,200 ሜትር ለመውጣት፣ መንገዱ ራሱ ከሚፈጀው ሌላ፣ ለከፍታው ብቻ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨርሳል። የእንጀራ ምጣድዎን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሳያቋርጥ የሚያሠራ ኃይል ነው። ባትሪው 80 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሆነ ስምንተኛው ለአንድ ዳገት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መንገድ ሲያቅዱ ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን ከፍታም ይቁጠሩ። ተሳቢ ሲጎተት ደግሞ ባትሪው የሚያስኬደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ከዚያ ጉልበት ከግማሽ በላዩን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም ይተርፋል። ነገር ግን ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን የሚያኖርበት ቦታ የለውም፣ መኪናውም መያዙን ይቀንሳል። ያደሩበት ሆቴል ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ከሆነ ባትሪውን መቶ በመቶ አይሙሉት። ከ10 እስከ 15 በመቶ ክፍት ይተዉለት።

ሲገዙ እንዲህ ይፈትኑ

ሻጮች መኪና የሚያስሞክሩት አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ፣ ባዶውን ነው። እርስዎ ግን ሊገዙት ያሰቡት ለተጫነ ዳገት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ይሂዱና ሽሮ ሜዳን አልፈው ወደ እንጦጦ ይውጡ።

አየር ማቀዝቀዣውን ይክፈቱ። ዳገቱ መካከል ቆመው እንደገና ይነሱ። ዙሩን ይመልከቱ፤ በ2,000 አካባቢ ተረጋግቶ ይወጣል ወይስ 4,000 አልፎ ይጮኻል? ካምቢዮው አንድ ማርሽ ይዞ ይቆያል ወይስ ይዋልላል? የሙቀት መለኪያው ከመካከል ካለፈ የራዲያተር ችግር ሊኖር ይችላል። ናፍጣ ከሆነ ከኋላ የሚወጣውን ጭስ አንድ ሰው ይይልዎት። ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጭስ የሚቀጥል ከሆነ ቱርቦውን፣ የነዳጅ መርጫውንና የሞተሩን ጤንነት መካኒክ ሳያየው ገንዘብ አይክፈሉ።

ሲመለሱ ማርሹን ቀንሰው ይውረዱ። መኪናው ይያዛል? ፍሬን ሲረግጡ መሪው ይንቀጠቀጣል? ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ታች ሲደርሱ ጎማዎቹ አጠገብ ቆመው ያሽትቱ። በመጨረሻ ሻጩን አራት ነገር ይጠይቁ። ቶርኩ በስንት ዙር ይጀምራል? ከነሙሉ ጭነቱ ስንት ኪሎ ይፈቀድለታል? የመጎተት አቅሙ ስንት ነው? የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? አራቱንም ካወቀ ጥሩ ሻጭ አጋጥሞዎታል። ካላወቀ ሦስቱን ከመመሪያ መጽሐፉ ያገኟቸዋል፤ አራተኛውን ደግሞ በሚያምኑት ጋራዥ በአንድ ቀን ማስቀየር ይችላሉ።

የሦስት መቶ ፈረስ ወሬ ለጎረቤት ይጠቅማል። ወንበሩ ላይ ተኝተው ለሚጓዙት ልጆች የሚጠቅማቸው ግን መኪናው ሳይጨነቅ መውጣቱና በልክ ተይዞ መውረዱ ነው። መልካም መንገድ!